ማን አቀበለው?

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አርባቸው ወጣ፤ እኔን ግን የሐዘኑ ድካም እስካሁን አልለቀቀኝም።

በርበሬ በረንዳ ባለው ሱቃችን ደጃፍ ዝቅ ባለች የእንጨት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ የአንድ ዝነኛ የድሮ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ውጤት ከነተጫዋቾቹ ዝርዝር ከስልኬ ላይ ያስነብቡኝ ነበር። ብዙ ነጥብ ያስቆጠረውን ስጠራ፣ «እሺ፣ ማን አቀበለው?» ይሉኛል። በቃላቸው እያወቁት! ያቀበለውን ሰው ስም ካልጠራሁ አያልፉኝም።

ደንበኛ በርበሬያችንን ሲያደንቅም፣ ጥግ ይዘው የበርበሬውን ጭራ ወደሚቀነጥሱት ሴቶች እያመለከቱ፣ «የእነሱ እጅ ነው» ይሉ ነበር።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ፣ «በርበሬህ ሲያምር!» አለችኝ። ታክቶኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሂሳቧን ተቀበልኩ። ቀንጣሾቹ ቀና አሉ። ያዩት ግን እኔን አይደለም፤ ባዶውን የጋሼን ዱካ ነው።