ፀሐይ ሞቀን እስክንመለስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌንም ሰው ማማቴንም ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ፤ ይቺን ግን ዘለልኳት። ለእሳቸው ኮምፒውተር ማስረዳት አይቻልም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል? የተቆለፈ በር ከፈትኩ፤ ሲጠይቁኝ ተቆልፎ ነበር አልኩ። ይኸው ነው።

መንዝ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ የመሬት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ ገና አልጨረስኩም። የአገራችንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ጣት አይታዘዝም። ስለዚህ ረፋድ ላይ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ባለጉዳዩም አብሮ ይሞቃል እንጂ አይቆጣም።

የይዞታ መዝገቡ ኃላፊ እትዬ አስካለ ነበሩ። ሞቀው ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ተቆልፎ ይጠብቃቸዋል። ፓስወርድ ያስገባሉ። መዝገቡን ሲከፍቱ ደግሞ "ይህን ፕሮግራም ያምኑታል?" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ከዚያ ሌላ ፓስወርድ።

"ኧረ ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ከዘበኛው ብሷል" አሉኝ አንድ ቀን። "በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ማን ነሽ ይለኛል። እስቲ አንድ ነገር አድርግልኝ።"

ምን አደረግኩ? ሴቲንጉን ከፍቼ የደኅንነቱን ደረጃ እስከ ታች አወረድኩት። ማስጠንቀቂያው ሁለተኛ እንዳይመጣ አደረግኩ። ፓስወርዳቸውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያስታውሰው አደረግኩ። ከስክሪኑ ግርጌ ካለው ፓነል ላይ መቆለፊያውን አንስቼ፣ በቦታው አንዴ ሲነኩት መዝገቡን የሚከፍት ምልክት አስቀመጥኩ። አደጋውን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር፤ የተማርኩት እሱኑ ነው። ለእሳቸው ግን "አስተካክዬዋለሁ" ብቻ አልኳቸው። መረቁኝ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአንዲት ባል የሞተባቸው አሮጊት መሬት በመዝገቡ ላይ በጎረቤታቸው ስም ዞሮ ተገኘ። የተቀየረው ረፋድ ላይ ነው። የቀየረው ሰው ስም በሚታይበት ቦታ ላይ "አስካለ" ይላል። ጎረቤትየው አላውቅም ብሎ ማለ፤ መሬቱ ወዲያው ለአሮጊቷ ተመለሰ። መዝገቡ ላይ የተረፈው የእትዬ አስካለ ስም ነበር።

ወሬውን እንደሰማሁ፣ ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩት ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩት። ደረጃውን ከፍ፣ መቆለፊያውን በቦታው።

እትዬ አስካለ "እኔ ውጭ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ እኮ ክፍቱን ነው የሚውለው፤ ማንም ሊገባበት ይችላል" አሏቸው። አጣሪዎቹ ሄደው ሞከሩት። ፓስወርድ ጠየቃቸው። ወደ እኔ ዞረው "ያለ እሳቸው ፓስወርድ ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል?" አሉኝ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አሁን ይናገርልኛል ብለው ነው የጠበቁኝ።

"አይቻልም" አልኩ።

ለምን? ሥራዬን እንዳላጣ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ እኔም አንዴ ከአፌ ወጥቷል ብዬ ውሸቴን እንደ ቃል ኪዳን ጠበቅኩት። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ። "የመበለት መሬት ሸጠች" ተባሉ። በዕድሜ ልክ ሥራቸው ላይ ይህ ስም ተለጠፈባቸው፤ በእውነት የቀየረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔ ቋሚ ሆንኩ፣ ደመወዜም አደገ።

በቅርቡ ሞላሌ ገበያ አገኘኋቸው። የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ ባና የሚሉትን ብርድ ልብስ እያሠሩ ይሸጣሉ። ሊሸሹኝ ይገባ ነበር፤ እሳቸው ግን ጉንጬን ስመው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቼ ጠበቅኩ። አሁንስ ራሴንም መጠርጠር ጀመርኩ፤ ሳላውቅ ነክቼው ይሆን እንዴ ልጄ? አንተ ባለሙያው ነህ፣ እስቲ ንገረኝ።"

ስማቸውን መውሰዴ አልበቃ ብሎ የገዛ ትዝታቸውንም እንደወሰድኩባቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ታዲያ ያን ጊዜስ ተናገርኩ? "ይርሱት፣ እትዬ" አልኩ። ሁለተኛ ካድኳቸው።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ብርዱ ነው፣ ፀሐዩ ነው አልልም። ይቅር ይበሉኝ ለማለትም አፍ የለኝም። ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ለእሳቸው አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ ለአጣሪዎቹ እሰጣለሁ፤ ሥራዬም ይሂድ።

እትዬ አስካለ፣ እርስዎ አልነኩትም። ፀሐይ ላይ ነበሩ፤ አጠገብዎ ቆሜ አብሬዎት ስሞቅ ነበር።