አባቴ ለውጤቴ ሽማግሌ ላከ

ይህ የሆነው ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩበት ዓመት ክረምት ነው። ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት ሁሉ "የመጨረሻው ዓመት ላይ ምን ሆነሽ ነው?" ስለሚሉኝ ልርሳው ብልም አይረሳኝም። ለእነሱ መልሼላቸው የማላውቀውን እዚህ ልጻፈው።

የሱሉልታ ልጅ ነኝ። አባቴ ላሞች ያረባል፣ ድርቆሽ ይሸጣል። እኔ ከቤታችን የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ተማርኩ። ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና ጎበዝ ነበርኩ። ትምህርት ክፍላችን በየዓመቱ ከተመራቂዎቹ ብልጫ ያለውን በረዳት መምህርነት ያስቀራል፤ የቀረው ሰው እያስተማረ ማስተርሱን ይማራል። በዚያ ዓመት ቦታው የእኔ እንደሚሆን የማይናገር አልነበረም። ልምምድ የወጣሁበት ሰበታ ያለ ፋብሪካም "ስትጨርሺ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ" ብሎኝ ነበር። አባቴማ ወተት መረከቢያው ጋ ለቆመው ሁሉ "ልጄ እዚያው መምህርት ሆና ልትቀር ነው" እያለ አውርቶ ጨርሷል። "ኧረ ገና ነው አባዬ" ብለው ማን ይስማኝ!

እማዬ ኩላሊቷን ከታመመች ቆይታለች። ቢሆንም ፈተና ሊጀመር ሲል ሳትደውልልኝ ቀርታ አታውቅም። "እመብርሃን ትቅደምልሽ። ደግሞ ሳትበዪ እንዳትገቢ" ትለኛለች። በመጨረሻው ፈተና ግን አልደወለችም። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። አባቴ ጋ ደወልኩ።

"እንጦጦ ጠበል ገብታለች። እዚያ ስልክ አያስይዙም" አለኝ።

"ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው። አንቺ ፈተናሽን ያዢ፣ ኢንተላ ኮ።"

በአፋን ኦሮሞ "ልጄ" ማለቱ ነው። እንዲህ የሚለኝ ሳሳዝነው ወይም ስታመም ነው። ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት፤ ሆዴ ግን እምቢ አለ። ፈተና ክፍል ቁጭ ብዬ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ደጋግሜ አነባለሁ፣ አይገባኝም። የአንዱን ትምህርት ወረቀት ባዶውን መለስኩት ማለት ይቻላል።

ፈተናው አልቆ ቤት የገባሁ ዕለት ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ነበር። "እናትሽ ነገ ትመጣለች" ብለው ራት አበሉኝ፣ አስተኙኝ። ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሰው አረዱኝ። እማዬ የሞተችው ከፈተናዬ በፊት ነበር። ጠበል ናት ሲለኝ ተቀብራ ነበር። ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ ትጨርስና ትረዳ ብሎ የወሰነው አባቴ ነው። አገሩም "ደግ አደረግህ" ብሎታል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚደረገው።

አርባዋ ሳይወጣ ውጤት ተለቀቀ። ሁለት ሲ፣ አንድ ዲ። ዲውንና አንዱን ሲ የሰጠኝ ለዓመታት ያስተማረኝ መምህር ነው። የረዳትነቱ ቦታ ለሌላ ተማሪ እንደተሰጠ ጓደኛዬ ደውላ ነገረችኝ። ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም። ግራ ገባው።

"ያ መምህር ስንት ዓመት ኤ ሲሰጥሽ ኖሮ አሁን ምን ነካው? አስቀይመሽው ነው።"

"አባዬ፣ ውጤት እንደዚያ አይደለም።"

"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ።"

ለመንኩ፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች! አባቴ በዕድሜው ያየው ጠብ ሁሉ በሽማግሌ አልቋል፤ የድንበሩም፣ የባልና ሚስቱም። የእኔ ሲ ምን ልዩ ነገር አለው? የሰፈራችንን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱትን ኦቦ ለታን ይዘን አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ ቢሮውን ላሳያቸው ነው የሄድኩት።

መምህሬ በሩን ሲከፍት ሁለቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለእርቅ እንደሚደረገው እርጥብ ሣር ይዘው ቆመዋል። ተማሪዎች እያለፉ ያዩናል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"መምህር፣ ልጃችን ምን አጠፋችብዎ? ጥፋቷን ይንገሩንና በእሷ ፈንታ እኛ እንካስ" አሉ ኦቦ ለታ።

መምህሬ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሮጦ ወንበር አመጣላቸው።

"አባቶቼ፣ እኔና እሷ አልተጣላንም። እንዲያውም ቦታው ለእሷ እንዲሆን ስከራከር ነበር። የሰጠኋት የሠራችውን ነው" አለ። ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየ። "ምን ሆናችሁ ነው?"

"እናቷ ሞታባት ነው" አሉ ኦቦ ለታ።

"መቼ?"

"ከፈተናው በፊት።"

መምህሬ ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እናቱ የሞተችበት ተማሪ ፈተናው ይተላለፍለታል እኮ። ደንብ አለው። ቀብረሽ፣ አልቅሰሽ፣ ቆይተሽ ትፈተኚ ነበር። አሁን ግን ተፈትነሻል፤ ምንም ማድረግ አልችልም።"

"አላውቅም ነበር" ብል አባቴን መክሰሴ ነው። ሰነፍ ይበለኝ፣ ግድየለሽ ይበለኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እሷ አላወቀችም" አለ አባቴ። "እኔ ነኝ የደበቅኳት። ፈተናዋ እንዳይበላሽባት ብዬ።"

አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት መርዶ የነገሩኝ ዕለት ሳይሆን ያን ቀን፣ በባዕድ ቢሮ፣ ከእኔ ብዙ በማይበልጥ ሰው ፊት ነው። መምህሬ ትከሻውን ስሞ እስከ ግቢው በር ሸኘን። በመንገድ ላይ ኦቦ ለታ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ብለው ሊያጽናኑት ሞከሩ።

የሰበታው ፋብሪካ ሰውዬ ወረቀቴን ገልጦ ያንኑ የመጨረሻ ዓመቴን ጥያቄ ጠየቀኝ። "አሞኝ ነበር" አልኩት። እንደውላለን አለ፤ አልደወለም። ማስተርስ ለማመልከት ስሄድ ደግሞ ነጥቤ ከሚፈልጉት በጥቂት አነሰ። አሁን ቡራዩ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የለውዝ ቅቤ ማምረቻ እሽግ እቆጣጠራለሁ። ሥራ ነው፣ አልጠላውም።

ለበዓል ሱሉልታ ስሄድ አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይህችን ልጅ ከመምህርነት ያስቀረኋት እኔ ነኝ" ይላል። ሰው ሲሄድ ደግሞ ለብቻችን "ይቅር በይኝ፣ ውጤትሽን አበላሸሁት" ይለኛል። "ይቅር ብያለሁ፣ አባዬ" እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ስለ ውጤቱ ይቅር ካልኩት ቆይቻለሁ።

እማዬን ሳልቀብራት መቅረቴን ግን እሱም አንስቶልኝ አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። ብቻዬን ስሆን የማለቅሰው ለዚያ ቀብር ነው። ብነግረው የሚሞትብኝ ስለሚመስለኝ፣ ለውጤቴ የማለቅስ ይምሰለው ብዬ ትቼዋለሁ።