የከሳው በሬ

ኒካሲዮ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው እናቱንና ታናሽ እህቱን ጎርፍ የወሰደበት። አውሎ ነፋሱ ወደሚኖሩባት የባራኦና ከተማ ሲቃረብ ሬዲዮው «በወንዙ ዳር ያላችሁ ሁሉ ቶሎ ወደ...» ብሎ ዝም አለ። አባቱ የገዛው ከሁሉ ርካሹን የባትሪ ድንጋይ ነበር። እናቱ ድንጋዮቹን በጥርሷ ነከሰቻቸው፣ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ አሞቀቻቸው፤ ሬዲዮው አልተነፈሰም። ወዴት እንደሚሸሹ ሳያውቁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ውሃው የመጣው በዚያ በኩል ነበር። ኒካሲዮ አንድ ቀን ሙሉ ማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ።

ሲያድግ የባትሪ ሱቅ ከፈተ። ሁለት ዓይነት ድንጋይ በሁለት ተመሳሳይ ሬዲዮ ውስጥ ይከትና የትኛው ቀድሞ እንደሚሞት በደብተር ይጽፋል። የመኪናውን ባትሪ፣ መብራት ሲጠፋም ለቤት የሚያገለግለውን ትልቁን ደግሞ በሚዛን ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው የእርሳስ ብረት የሳሳ ባትሪ ቀላል ነው፣ ቶሎም ይሞታልና። በመጨረሻ «በሬ» የሚባለውን ምልክት መረጠ። በዚያ ሙቀት የመኪናው ሦስት ዓመት፣ የቤቱ ስድስት ዓመት ይቆይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ «ኤሊ» የሚባለውን ባትሪ የሚሸጠውን ፌርሚንን ግን ባገኘው ቁጥር አይምረውም።

«ፌርሚን፣ ኤሊህ ዛሬም በጀርባዋ ተገልብጣለች?»

«አንተ የባትሪ ሊቅ፣ በሬህ ከስቷል። እስቲ አንስተህ እየው!»

«ቅናት ነው!»

ሚስቱ ዲልሲያ ሳንባዋ ታሞ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ ሲያቅታት መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያሠሩ አራት አዲስ በሬ አስገባላት። እነዚያን አልመዘነም። ሃያ ዓመት ያመነውን ምን ብሎ ይመዝናል?

ነሐሴ ላይ ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ። መብራት ጠፋ፤ የሆስፒታሉን መንገድ ውሃ ቆረጠው። ስምንት ሰዓት ይቆያሉ የተባሉት ባትሪዎች ሁለት ሰዓት ሳይሞላቸው ደከሙ፤ ማሽኑ ጮኾ ቆመ። ኒካሲዮ አንዱን ነቅሎ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ከድሮው በአምስት ኪሎ ቀለለ። ከመኪናው የፈታው ባትሪም ብዙ አልቆየም።

«ፌርሚን ጋ... ሂድ» አለች ዲልሲያ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ለዚያ ኤሊ? ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«አንተዬ... ሂድ።»

የባትሪዎቹን የኤሌክትሪክ ገመድ ሲፈታ ሲያስር ቆየ። የሮጠው ከንፈሯ ሲጠቁር ነው።

ነፋሱ በርዶ ስለነበር ፌርሚን ደጁ ላይ ዶሚኖ ይጫወት ነበር። ኒካሲዮ እያለከለከ ፊቱ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ዲልሲያ ናት?»

ኒካሲዮ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ! በዚያ በኩል ያዝ!»

ፌርሚን ከራሱ ቤት አራቱንም ኤሊዎች ነቀለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጭቃ ለጭቃ በጋሪ ገፏቸው። ማሽኑ ተነሣ፤ መብራት እስኪመጣም ሠራ። ዲልሲያ ተረፈች፤ ግን አንጎሏ ኦክስጅን አጥቶ ስለቆየ ዳግመኛ ከአልጋዋ አልወረደችም፣ ቃልም አልተናገረችም። በአራተኛው ወር አረፈች።

ኒካሲዮ ሱቁን አልዘጋም። በሬም ይሁን ኤሊ፣ ማንኛውንም ባትሪ ገዢው ፊት ይመዝናል። አንድ ቀን እናቷን የምታስታምም ሴት መጥታ «ጋሼ፣ ረጅም የሚቆየው የትኛው ነው?» አለችው። ከባዱን ወደ እሷ ገፋላትና እንዲህ አላት፦

«ይኸኛው ነው። ቢሆንም ሲደክም አትጠብቂው፣ ወደ ጎረቤት ሩጪ። እኔ ፌርሚን ደጅ ላለመቆም ስል ገመድ እየነካካሁ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ። ከዕድሜዬ ሁሉ መልሱልኝ የምለው ያችን ግማሽ ሰዓት ነው።»