«ጉዳት አልታየበትም» የተባለው ኸድር

ጎረቤቴ ኸድር ቀን ሲሚንቶ ይሸከማል። ረመዳን ሲገባ ግን በሰሜን፣ ትግርኛ በሚነገርበት በዚህ ከተማ ያለን የወሎ ልጆች ሁሉ ከኋላው ተሰልፈን እንሰግድ ነበር። ከአገሩ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቃል።

አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ጭንቅላቱን ከግንብ ጋር አጋጨው። ቁስሉ ሻረ። እሱ ግን ገበያ የሄደበትን ይረሳል፤ ልጁ ላይ ይጮህና መልሶ ያለቅሳል፤ ሲያሰግድ አንቀጹ ከአፉ ይጠፋበታል።

ሚስቱ ሂዳያ ካሳ እንዲጠይቅ አደረገችው። የመኪናው ኢንሹራንስም የአእምሮ ብቃት የሚመረምር ባለሙያ አመጣ፤ ስሙ ረዘነ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ኣጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ቀላል ነው» አለው። «ስንት ክፍል ተምረሃል?»

«ኧረ እኔ አልተማርኩም!»

እኛ ዘንድ ቂርአት የቀራ፣ የሃይማኖቱን ትምህርት የተማረ ሰው፣ ተማርኩ አይልም፤ ትምህርት ማለት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ረዘነ ግን ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። በቃሉ እንዲደግማቸው ቃላት አነበበለት፤ ኸድር ጥቂቱን ብቻ መለሰ። ሪፖርቱ እንዲህ አለ፦ «ላልተማረ የቀን ሠራተኛ የሚጠበቅ ውጤት ነው። ጉዳት አልታየበትም።»

ችሎት ላይ ሂዳያ ብድግ አለች። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ሰው ሠላሳውን የቁርኣን ጁዝ በልቡ ይዞ ያሰግድ ነበር! ቤቱ መጀመሪያም ባዶ ነበር ብላችሁ ሌባውን ልትለቁት ነው?»

ረዘነ ደነገጠ። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎ ጠየቁት እንዴ?» አለች ሂዳያ።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ ፈገግ አለ። «እስቲ ይቅራልንና የጎደለውን እንስማው።»

ኸድር ተነሣ። «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። «የአላህን ቃል አጎድዬ ሰው ፊት አልቀራም» አለ።

«ይኸው፣ ማስረጃ የለም» አለ ጠበቃው።

ያን ጊዜ ረዘነ እጁን አወጣ። «ሪፖርቴን ሰርዣለሁ። ያወዳደርኩት ካልተማረ ሰው ጋር ነው። ከራሱ ከቀድሞው ኸድር ጋር ነበር ማወዳደር የነበረብኝ።»

ዳኛዋ ሌላ ምርመራ እንዲደረግ፣ ከኋላው የሰገዱ ሰዎችም ቀርበው እንዲመሰክሩ አዘዘች።

በሩ ላይ ኸድር የሂዳያን ነጠላ ያዘ። «ሰዎቹን ጠርተሽ ‹ኸድር ቁርኣኑ ጠፋበት› ልታስብያቸው ነው? በአላህ፣ ተይኝ።»

«አልተውህም!» አለችው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «የገጨህ ቀና ብሎ እየሄደ፣ አንተ ታፍራለህ?»