አባቴን በር ላይ የጠበቀችልን ሴት

ዛሬ ጠዋት በባጃጅ በካምፑ አጥር ሥር ሳልፍ ምልምሎች እየዘፈኑ ሲሮጡ ሰማሁና አንገቴን አስግጌ ወደ አጥሩ ማየት ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «ማዘር፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነበርኩ። ያንን ዘፈን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የካምፕ ልጅ ነኝ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቱላ ከምትባለው ከቅርብ መንደር አንዲት ሴት ወተት ይዛ ከሽቦው ወዲያ ትቆማለች። አባቴ ራሱ ወጥቶ ይቀበላታል፤ «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ሳይላት ጣሳውን አይዘረጋም። እኛ ልጆች ግን «ወተቷ መጣች» እያልን የተሰባበረ አማርኛዋን እየኮረጅን እንስቅባት ነበር። የካምፕ ልጅ ጉራ ምን ልንገርሽ፤ ከሽቦው ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ ከእኛ በታች ይመስለን ነበር።

ከዚያ አባቴ ወደ ሰሜን ዘመተ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እኛም ቤቱን ልቀቁ ተባልን። እናቴ ልብሱን ትጠቀልልና መልሳ ትፈታዋለች። ማደሪያ ማጣታችን አልነበረም ያስጨነቃት። «ቢመጣስ የት ብሎ ያገኘናል?» ትላለች። ስልክ የለን፣ በከተማው ዘመድ የለን። አባቴ የሚያውቀው አድራሻ ያ የካምፑ በር ብቻ ነበር።

ወተት ሻጯ ከሽቦው ወዲያ ሆና ስታያት ሰነበተች። አንድ ቀን ዘው ብላ ገባች፤ የሚከለክላት ዘበኛ እንኳ አልነበረም። ፍራሻችንን ጀርባዋ ላይ አዘለችና «እኔ ቤት ኑ። በሩን እኔ እጠብቃለሁ» አለች። እግዜር ይስጣት፣ ያ ጀርባዋ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ቱላ ወሰደችን። አልጋዋን ለእናቴ ለቃ እሷ ከእኔ ጋር መሬት ተኛች። ጎህ ሲቀድ ወደ ካምፑ ትሄዳለች። ወተት የሚገዛት ቤተሰብ አልቀረም፤ እሷ ግን እዚያው ቆማ ትውላለች። ማታ ስትመለስ «ዛሬ የለም። ነገ አለ» ትላለች፣ የእናቴን ፊት ሳታይ። ስስቅበት የኖርኩት አማርኛ ነው፤ በሰማሁት ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አመሻሽ ላይ አንድ ከሲታ ሰውዬ እያነከሰ ተከትሏት መጣ። እኔ አላወቅኩትም። እናቴ ግን ገና ከሩቅ አውቃው ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሴትየዋ ውኃ አሙቃ የተላላጠ እግሩን አጠበችው፣ ቅቤም ቀባችው። አባቴ እጇን እየሳመ «እናቴ፣ እርስዎን እዚያ ባላገኝ ወዴት እሄድ ነበር?» ይላል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደልማዷ ተነሳች።

«መጣልን እኮ፤ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ» አለቻት እናቴ።

«ያንቺ መጣ» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «የኔ ልጅ ገና ነው።»

ለካ አንድ ልጇን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባት ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ሽቦው ሥር የምትቆመው በዚያ በር ስለሄደ ነው። እኛን አስጠግታ ስታኖር አንድ ቀን እንኳ አልተነፈሰችም።

አባቴ ያበጠ እግሩን እያቃሰተ ጫማው ውስጥ ከተተ። «እኔ እጠይቅልዎታለሁ። ወታደር ለወታደር ይናገራል» ብሎ ተከትሏት ወጣ።

ለወራት ሁለቱ አብረው ቆሙ። ልጇ አልመጣም። ከዓመታት በኋላ እሷ ስታርፍ፣ በልጅ ቦታ ቆሞ የቀበራት አባቴ ነው።