ጋሽ አርነ የሳሉት ምላጭ

ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ ኖርዌይ ሞርተንሩድ ባለው ቤታችን፣ ከመታጠቢያ ክፍሉ በር ጀርባ ሺር... ሺር... የሚል ድምፅ ሰማሁና ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የሃያ ዓመት ልጅ ያላት እናት በር ላይ ጆሮዋን መለጠፍ እንደማያምርባት አውቃለሁ፤ ግን በር ተቆልፎ የሚሠራ ነገር ሁሉ ያጠራጥረኛል፣ ምን ላድርግ። «ማማ፣ ስላፕ አቭ! ምላጭ እየሳልኩ ነው» አለኝ ልጄ ዮናስ፤ ተረጋጊ ማለቱ ነው። በሩን ሲከፍተው በኢንተርኔት ያዘዘውን ታጣፊ ምላጭ እርጥብ ድንጋይ ላይ ወዲያና ወዲህ ያስኬዳል። የድንጋዩና የሳሙናው ሽታ ሳላስበው ላምበርትሴተር ወዳለው የልጅነት ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

መጠርጠርን የወረስኩት ከእናቴ ነው። ደረጃው ላይ የማታውቀው ኮቴ ከሰማች፣ ጎረቤት ያለወትሮው ፈገግ ካለላት፣ ነገሩን ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አባቴ ግን የሚጠረጠር ሰው አልነበረም፤ የሥራ ቀኑን በአረጋውያን መጦሪያ ሲለፋ ይውላል፣ እሑድ የቸርች ሽማግሌ ሆኖ ከፊት ይቀመጣል። አንድ ቅንጦት ብቻ ነበረው፤ ከአባቱ በወረሰው ታጣፊ ምላጭ ካልሆነ ፂሙን አይላጭም። መሳያ ድንጋይ ግን አልነበረውም። ድንጋዩ ያለው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን በሚኖሩት ኖርዌያዊ ጡረተኛ አናጢ በጋሽ አርነ ቤት ነው። ጋሽ ያልናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም ስማቸው ስለረዘመላቸው ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ድንጋዩ ከተራራ የተፈለጠ፣ ግራጫ፣ ሲዳብሱት እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ነበር።

በደንብ የተሳለ ምላጭ በየማለዳው ቀበቶ ላይ ከተወለወለ ወራት ያገለግላል። እናቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች። አባቴም ለዓመታት ምላጩን ይዞ የሚወርደው አልፎ አልፎ ነበር። በረዶው በበዛበት በአንዱ ዓመት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መውረድ ጀመረ። ይባስ ብሎ እሑድ ቸርች የሚሄደው አገጩ ተቆራርጦ፣ ቁስሉ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሆነ። እናቴ ነገሩን አገላብጣ አየችው። በየሳምንቱ የሚሳል ምላጭ እንዴት ይደነዝዛል? ወይ ምላጩ አይሳልም፣ ወይ የሚላጨው እጅ ጤነኛ አይደለም። ጋሽ አርነ ደግሞ የወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ጠርሙስ እንደሚደረድሩ አይታለች። በእኛ ቸርች መጠጥ ዋዛ አልነበረም፤ አባቴ ሲጠጣ ቢገኝ ከአገልግሎቱ ይወርዳል፣ እኛም የሰው መተረቻ እንሆናለን። ስለዚህ ሲመለስ ጠጋ ብላ ትንፋሹን ታሸታለች፣ ኮቱን ትፈትሻለች። «ዛሬም ይሄን ሁሉ ሰዓት ምላጭ ነው የተሳለው?» ትለዋለች። «ያ፣ አዎ፣ ጥሩ አድርገው ሳሉልኝ» ይላል እሱ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ እንደወረደ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ አስያዘችኝ። «አድርሺላቸውና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ እዪ፤ ብርጭቆ ካለ ውስጡንም» አለችኝ። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ ሰላይነት ተሾምኩና ወረድኩ። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ውሃ የያዘ ሳህንና ድንጋዩ ብቻ ነበሩ። ጋሽ አርነ ጎንበስ ብለው ይስላሉ፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ድንጋዩ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ መንሸራተት የሚገባው ምላጭ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ስለቱ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። አባቴ ከጎናቸው ተቀምጦ ያያል። ሲጨርሱ ተቀበላቸውና ክንዱ ላይ ሞከረው፤ አንዲት ፀጉር እንኳ አልተቆረጠችም። «ፊንት፣ አርነ! ግሩም ነው» አላቸው።

«እስቲ ተላጭበትና ልይ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳሙናውን ወደ እሱ እየገፉ። «እጄ ሥራ እስካልፈታ ድረስ ኮሙኑ ከቤቴ አያስወጣኝም።» ማዘጋጃ ቤቱን ማለታቸው ነው፤ ራሱን የማይችል ሽማግሌ ወደ መጦሪያ ይወስዳል።

አባቴም እዚያው ፊታቸው በዚያ ዱልዱም ተላጨ፤ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ የአገጩን ደም በፎጣ እየደበቀ፣ እየሳቀ። ጋሽ አርነ ዓይናቸው ስለደከመ ደሙን አላዩትም። እኔ ዳቦውን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሊወርድ ሲነሳ የወጥ ቤቱን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። «ይሄም ደንዟል፣ አብረው ይሳሉልን» አለችው፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። አባቴ ትክ ብሎ አያትና ቢላዋውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሽንኩርት መክተፍ ቀርቶ ዳቦ የሚቆርጥ ቢላዋ አልነበረም፤ ቲማቲሙን በእጃችን እያፈረጥን ነው የበላነው።

በዓመቱ ጋሽ አርነ ደረጃው ላይ ወደቁና ወደ መጦሪያ ተወሰዱ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከሰላምታ በፊት «አሁን ምላጭህን ማን ይስልልሃል?» አሉት አባቴን። «ኢንገን» አለች እናቴ በዚያ በተሰባበረ ኖርዌይኛዋ፤ ማንም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው ይመስለኛል።

ዛሬ ሦስቱም የሉም፣ በጣም ይናፍቁኛል። በእኔ ሕንፃ ያሉትን ጎረቤቶች የማውቃቸው ደወላቸው ላይ በተጻፈው ስም ነው፤ ጥርጣሬውን ወርሻለሁ፣ ዳቦ ጋግሮ መላኩ ግን ከእናቴ ጋር ቀረ። አባቴ ጋሽ አርነን መጦሪያ ሄደን ከጠየቅንበት ቀን በኋላ ፂሙን አሳደገ። ቸርች ውስጥ ቄስ ሊሆን ነው እንዴ ተብሎ ተቀለደበት፣ ስንቀብረውም ፂሙ ነጭ ሆኖ ደረቱ ደርሶ ነበር። እናቴ፣ ያቺ ኮቴ እንኳ ሳታጣራ የማታልፍ ሴት፣ ለምን እንዳሳደገው አንድም ቀን አልጠየቀችውም።