ተክለጻድቅና የጋለው ጠጠር

ባሕር ማዶ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር የሚኖረው ተክለጻድቅ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ኑሮውን የሚገፋው ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ እያመላለሰ ነው። ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ መጸዳጃው ሰልፍ ስለማያጣው፣ ከአጥሩ ጥግ ፀሐይ ያጋለው ጠጠር ላይ መሽናት ልማዱ ነበር።

በነሐሴ ሽንቱ እንደ በርበሬ ሲያቃጥለው ጥፋቱን በጠጠሩ አሳበበ። የጋለ ድንጋይ ላይ የሸና ይታመማል ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። የተራ ጓደኛው ዘመድኩንም አጸደቀለትና ውሃ በብዛት እንዲጠጣ መከረው። ጠጣ። ማቃጠሉ ግን አልለቀቀውም።

በመጨረሻ ቢከን ሂል ከሚባለው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሄዶ ሽንቱን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠ። ነርሷ ሩመይሳ ውጤቱን ነገረችው፤ ክላሚዲያ የሚባል የአባላዘር በሽታ ነው። እሱም የጠጠሩን ታሪክ ከነማብራሪያው ተረከላት።

"ጋሼ፣" አለችው እስኪጨርስ ጠብቃ፣ "ጠጠሩን አላገቡትም መቼም። ይኼ በግብረ ሥጋ ነው የሚተላለፈው።"

ሳቁ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። እጮኛውን እስከዳርን ሊያገባ ነው፤ እሷ ደግሞ ከምንም በላይ የምትመኘው ልጅ ነው። እንዲህ አመመኝ ብላው ግን አታውቅም። ሩመይሳ ብዙ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው ለወራት ይዘውት እንደሚቆዩ፣ ካልታከመ የማህፀን ቱቦ ጎድቶ መውለድ ሊከለክል እንደሚችል አስረዳችው። ማን ቀድሞ እንደያዘው ማወቅ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ካልታከሙ ግን ይመላለሳል።

ሚስቱን የወሰዳት ሕመም እንኳ ደጅ አንኳኩቶ ነበር የገባው። ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ የልጅን መንገድ የሚዘጋ ነገር መኖሩ፣ ያም ከአንዲት ብልቃጥ ሽንት መታወቁ አስደነቀው።

የራሱን መድኃኒት ውጦ ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ኬንት ከተማ ሄዶ፣ እስከዳር የምትሠራበት መጋዘን በር ላይ ፓርክ አድርጎ ጠበቃት፤ መኪና ውስጥ እንደገባች ሁሉንም ነገራት። እስከዳር ወደ እሱ ዞረች።

"በጠጠሩ አሳብበህ ብትቀርስ ኖሮ?"

"እኔማ አምኜበት ነበር።"

"ኦኬ፣ ንዳ። ክሊኒኩ ሳይዘጋ እንድረስ።"

የእሷም ውጤት ያው ሆነ። ምልክት የለ፣ ሕመም የለ። ሩመይሳ ጉዳት የደረሰ እንደማይመስል ነግራ፣ ታክመው እስኪጨርሱ እንዳይቀራረቡ አስጠነቀቀቻቸው።

እስከዳር የመጀመሪያዋን ኪኒን መዳፏ ላይ ይዛ አየቻት። ተክለጻድቅም አያት። ከዚያች ሚጢጢ ነገር ጀርባ ገና ያልተፀነሰ ልጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ መሰለው፤ ብርጭቆውን በውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ሰጣት።